ጎልማሳ ሆኖ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መጠመቅ፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ሕፃን ሲጠመቅ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም። ትልቅ ሰው «ልጠመቅ ነው» ሲል ግን ሁሉም ያገባኛል ይላል። አክስት ትመክራለች፣ የሥራ ባልደረባ ያስፈራራል፣ ጎረቤት ደግሞ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ሕግ ይነግራል። በቁምስናችን (በአጥቢያችን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን) ለጥምቀት የሚዘጋጁ ሰዎችን ከሚያግዙት አንዷ ነኝ። ሰዎቹን የሚያደክማቸው ትምህርቱ ሳይሆን ወሬው ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ኦርቶዶክስ የነበረ ሰው ካቶሊክ ሲሆን እንደገና ይጠመቃል»

አይጠመቅም። ጥምቀት አንዴ ነው። በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ የተጠመቀ የኦርቶዶክስ ልጅ ጥምቀቱም ሜሮኑም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የጸና ነው። ካቶሊክ ልሁን ብሎ ሲመጣ የሚጠበቅበት እንደየሁኔታው ትምህርት መከታተልና የካቶሊክን እምነት መመስከር ነው፤ በቃ። በአገራችን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የግዕዝም የላቲንም ሥርዓት ስላላት፣ የግዕዝ ሥርዓቱንም ይዞ ይቀጥላል።

በውኃ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቀ ፕሮቴስታንትም አይደገምለትም። የሞርሞኖችን ጥምቀት ግን ሮም እ.ኤ.አ. በ2001 አልቀበልም ብላለች። ወረቀትም ምስክርም ጠፍቶ መጠመቁ የሚያጠራጥር ሰው ሲገጥም፣ ካህኑ «ያልተጠመቅህ ከሆነ» የሚል ቃል ጨምሮ ያጠምቀዋል።

ወሬው ግን ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1625 ከሮም ተልኮ ወደ አገራችን የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደ አዲስ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደ አዲስ እንዲካኑ አዝዞ ነበር። ለዘመናት ክርስቲያን ሆኖ የኖረን ሕዝብ «ጥምቀትህ አጠራጣሪ ነው» ማለት ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አገር ታመሰ፣ ደም ፈሰሰ። በ1632 ካቶሊክ ሆነው የነበሩት ዐፄ ሱስንዮስ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ተዉ። ቁስሉ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ መነገሩም ትክክል ነው። የዛሬው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ግን የሜንዴዝን መንገድ አይከተልም።

«ጃንደረባው መንገድ ላይ ተጠምቆ የለ? እኔ ለምን ዓመት እጠብቃለሁ?»

ይሄን ክርክር እወደዋለሁ፤ የኛው ሰው ነዋ! ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ረጋ ብሎ ማንበብ ነው። ሰውየው ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ሰግዶ የሚመለስ፣ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን የሚያነብ ሰው ነው። ፊልጶስ የደረሰው ከተጀመረ ነገር ላይ ነው። «የሐዋርያት ትውፊት» የተባለው፣ በግዕዝም ተጠብቆ የቆየው ጥንታዊ ሥርዓት ለንዑሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ለጥምቀት ለሚዘጋጅ ሰው፣ ሦስት ዓመት ይመድባል። ወዲያው ግን ትጉህ ለሆነ ሰው የሚታየው ጠባዩ እንጂ ጊዜው አይደለም ይላል። ዛሬም መንፈሱ ያው ነው። ብዙ ቦታ ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ አንዱ ቶሎ ይደርሳል፣ ሌላው ይቆያል።

ሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ዓመት መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ካህን ካልተገኘ ነርስም፣ ጎረቤትም፣ ራሱ ያልተጠመቀ ሰውም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ አስቦ በሥላሴ ስም ውኃ አፍስሶ ሊያጠምቅ ይችላል። በዝግጅት ላይ እያለ በድንገት የሞተ ሰውም «ሳይጠመቅ ቀረ» ተብሎ አይጣልም። የነበረው ምኞት ይቆጠርለታል፤ የቀብር ሥርዓቱም እንደ ምእመን ይፈጸምለታል።

«ትምህርተ ክርስቶስን ሸምድደህ ትፈተናለህ»

ብዙ ሰው ይሄን ሲያስብ እንደ መንጃ ፈቃድ ፈተና ነው የሚያየው። ትምህርት አለ፣ ያውም ብዙ። ጸሎተ ሃይማኖትን አለማወቅም አይቻልም። ግን ዋናው ነገር አኗኗርን መለማመድ ነው፤ ጸሎት፣ ቅዳሴ፣ ጾም፣ ከተጣሉት ሰው ጋር መታረቅ።

የላቲኑን ሥርዓት ብንወስድ፣ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው መጽሐፍ መንገዱን በደረጃ በደረጃ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ቀን ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሰውየው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይቆማል። ስሙን፣ ምን ፈልጎ እንደመጣ ይጠየቃል። ከዚያ ግንባሩ ላይ፣ ጆሮው ላይ፣ ዓይኑ ላይ፣ ከንፈሩ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ ትከሻው ላይ የመስቀል ምልክት ይደረግበታል። አብሮት የሚሄደው ምእመን ጎንበስ ብሎ እግሩንም ያማትብለታል። የተከበሩ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው የተባሉ ሰው ጫማቸው ላይ ሲማተብላቸው የሚገቡበት ሲጠፋቸው አይቻለሁ።

በዐቢይ ጾም መጀመሪያ እሑድ ጳጳሱ ለጥምቀት የተዘጋጁትን ይቀበሏቸዋል፣ ስማቸው ይመዘገባል። በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው እሑድ የሳምራዊቷ ሴት፣ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰውና የአልዓዛር ወንጌል እየተነበበ ይጸለይላቸዋል። ጥያቄና መልስ የለም። በፋሲካ ሌሊት ጥምቀቱን፣ ሜሮኑንና ቅዱስ ቁርባኑን በአንድ ሌሊት ይቀበላሉ። «ሜሮን ከዓመታት በኋላ ነው» የሚባለው በላቲን ሥርዓት ለሚጠመቁ ሕፃናት እንጂ ለትልቅ ሰው አይደለም።

በግዕዙ ሥርዓት የጥምቀቱ አፈጻጸም የራሱ ነው፤ ተጠማቂው ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይመሰክራል። እምድብርና ዓዲግራት የግዕዝ፣ ሐዋሳና መቂ የላቲን ሥርዓት አካባቢ ናቸው። ዕድሜው 14 የሞላ ያልተጠመቀ ሰው በየትኛው እንደሚጠመቅ ራሱ መምረጥ ይችላል።

«ካቶሊክ ለማግባት መጠመቅ ግዴታ ነው»

አይደለም። ካቶሊኩ ወገን ከጳጳሱ ልዩ ፈቃድ አግኝቶ ያልተጠመቀ ሰው ማግባት ይችላል። የአዳራሽ ቀብድ ስለተከፈለ ጥምቀት አይጣደፍም። እጮኛን ለማስደሰት ብሎ መጠመቅ ደግሞ፣ በኔ አስተያየት፣ ለሁለቱም አይበጅም።

እውነቱን ለመናገር ሰው የሚደናቀፈው ትምህርቱ ላይ ሳይሆን ትዳሩ ላይ ነው። ብዙዎች «ድሮ ያገባሁት በማዘጋጃ ነው፣ ተፋተናል፣ አይቆጠርም» ይላሉ። ይቆጠራል። ያልተጠመቁ ሁለት ሰዎች የመሠረቱት ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ዓይን እውነተኛ ጋብቻ ነው። ሰውየው አሁን ከሌላ ሰው ጋር የሚኖር ከሆነ ጉዳዩ ከጥምቀቱ በፊት መታየት አለበት፤ ማየቱም ወራት ሊፈጅ ይችላል። በር ይዘጋል ማለት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ካላመነ የትዳር ጓደኛ ስለ መለየት በጻፈው ላይ የቆመ ሕግ አለ፤ ሌላም መንገድ አለ። ስለዚህ ይሄን ነገር ለካህኑ መንገር ያለባችሁ በመጀመሪያው ቀን ነው። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ከተነሣ ለእናንተም ለቆሞሱም (ለቁምስናው ኃላፊ ካህን) ጭንቀት ነው።

በሰላም አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ግን ሌላ ሠርግ አይጠበቅባቸውም። ሁለቱም ሲጠመቁ ትዳራቸው በዚያው ቅዱስ ምሥጢር ይሆናል።

«ክርስትና እናቴ ኦርቶዶክስ ጓደኛዬ ትሁን»

ብቻዋን አትችልም፤ ከካቶሊክ የክርስትና አባት ወይም እናት ጋር ከሆነ ግን ትችላለች። ይሄን ስነግራቸው ብዙዎች ደስ ይላቸዋል። ካቶሊኩ በላቲኑ ሕግ 16 ዓመት የሞላው፣ ሜሮንና ቁርባን የተቀበለ መሆን አለበት። ወላጅ አይሆንም። የግዕዙ ሥርዓት በሚመራበት በምሥራቁ ሕግ የትዳር ጓደኛም አይሆንም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንያቸው። ከጥምቀት በፊት ኑዛዜ ግዴታ ነው ይባላል። ንስሐ መግባት፣ መጸጸት ያስፈልጋል፤ ምሥጢረ ንስሐ ግን ለተጠመቀ ሰው ነው፤ ጥምቀቱ ራሱ የቀደመውን ኃጢአት ሁሉ ይደመስሳል። ስምህን ቀይረህ ጆሴፍ መባል አለብህ ይባላል። ሕጉ የሚለው ስሙ ከክርስትና ጋር የሚጋጭ አይሁን ነው፤ ተስፋዬም አልማዝም ምንም አልሆኑም። ገንዘብ ይከፈላል ይባላል። መባ ሊኖር ይችላል፤ የሌለው ሰው ግን በገንዘብ ምክንያት ምሥጢር አይከለከልም።

«ፋሲካ ካለፈ አለቀ»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም የአስተማሪዎቹ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ደክሞን እንበተናለን። ሥርዓቱ ግን እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ አዲሶቹ ምእመናን እንዲሰባሰቡ፣ የተቀበሉትን ምሥጢር እንዲማሩበት ይላል። ከጎናቸው የሚቀመጥ ሰው የሚያስፈልጋቸው ያኔ ነው።

ወረቀቱንም አትርሱ። የጥምቀቱ መዝገብ የሚቀመጠው በተጠመቃችሁበት ቁምስና ነው፤ ለጋብቻ ሲፈለግ የሚጠየቀውም ከዚያው ነው። ወደ ውጭ ለመሄድ ካሰባችሁ ቅጂውን ሳትነሡ በፊት አውጡ፤ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ማፈላለግ ያሰለቻል።