50 ፊልም በአንድ ካርቶን፦ የርካሽ የፊልም ስብስብ ማሸጊያና የሰብሳቢዎች ጭቅጭቅ

ካርቶኑ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ አይበልጥም። ሲከፍቱት ፕላስቲክ የለውም፣ ቡክሌት የለውም። ያለው 12 የወረቀት ፖስታ ነው፤ እንደ መዝገብ ቤት ፋይል ቆመው ተደርድረዋል። ፖስታዎቹ ላይ የፊልሞቹ ስም ታትሟል። ውስጣቸው በሁለቱም ፊቱ የሚጫወት ዲቪዲ አለ። 12 ዲስክ፣ 24 ፊት፣ 50 ፊልም።

ሚል ክሪክ ኢንተርቴይንመንት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስም ያወጣው በዚህ ነው። መቀመጫው ሚኒሶታ ነው። አስፈሪ፣ ካውቦይ፣ ወንጀል፣ የሳይንስ ልብ ወለድ እያለ በየዓይነቱ 50፣ 50 እያደረገ ሸጠ። ቆየት ብሎ 100 ፊልም የያዘም አመጣ። የ50ው ዋጋ ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ 20 ዶላር አካባቢ ነበር። ሲካፈል አንዱ ፊልም 40 ሳንቲም ይመጣል ማለት ነው። በ40 ሳንቲም ፊልም ገዝቶ ስለ ፖስታው ማማረር ነውር ነው የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ። ዲስኩ ተጭሮ ካልሠራ 40 ሳንቲሙም ተበላ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን ዝም አይልም።

መጀመሪያ ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ እንይ። በአብዛኛው ከቅጂ መብት ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ1964 በፊት የወጣ ሥራ መብቱ በ28ኛው ዓመት ካልታደሰ የሕዝብ ንብረት ይሆን ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ትንንሽ ስቱዲዮዎች ደግሞ ብዙዎቹ ተዘግተው ነበር፤ ወረቀት ይዞ ሊያድስ የሄደ ሰው አልነበረም። ሌላም መንገድ ነበረ። በዚያ ዘመን ፊልሙ ላይ የመብት ማስታወቂያ ካልተጻፈ መብቱ አብሮ ይጠፋል። የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የ1968 ፊልም ነው። አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር ማስታወቂያዋ ከአሮጌው ርዕስ ጋር አብራ ቀረች። በዚች ስህተት ፊልሙ የማንም ሆነ። ለዚህ ነው ከየርካሹ ስብስብ የማይጠፋው። እኔ ቤት ብቻ አራት ቦታ ላይ አለ፤ አንዱንም ፈልጌ አልገዛሁትም።

ለፊልሙ የሚከፈል ነገር ከሌለ ዋናው ወጪ ማተሙና ማሸጉ ነው። ስለዚህ ቁጠባውም እዚያው ላይ ያርፋል። የመደበኛው ዲቪዲ ፕላስቲክ ቤት ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። 12 ዲስክ እያንዳንዱ የራሱ ቤት ይኑረው ቢባል 17 ሳንቲ ሜትር ያህል መደርደሪያ ይበላል። በፖስታ ሲሆን ሁሉም አንድ እጅ ውስጥ ይገባል። ለሚጭነውም፣ ለሚሸጠውም፣ ጠባብ ቤት ለተከራየ ሰውም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሁለት ፊት ማተሙም የቁጠባው አካል ነው። የዲቪዲ አንዱ ፊት 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ደህና ጥራት ላለው ምስል ይህ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት የ70 ደቂቃ ፊልም ሲገባበት ምስሉ መጨመቁ አይቀርም። ማሸጊያው ላይ ያለው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ባለ ሁለት ፊት ዲስክ ሥዕልና ጽሑፍ የሚታተምበት ጀርባ የለውም። የፊልሙ ስም የሚጻፈው እምብርቱ ዙሪያ ባለችው ቀጭን ቀለበት ላይ ነው፤ የትኛው ፊት እንደሆነም እዚያችው ላይ በትንንሽ ፊደል ይገለጻል። እኔ መነጽሬን ሳላደርግ አላነበውም። ደግሞስ ጠረጴዛ ላይ የቱን ፊት ወደ ታች አድርጎ ያስቀምጡታል? ሁለቱም ፊልም ነው።

ጭቅጭቁን ለመረዳት ዲስኩ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይረዳል። ዲቪዲ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ሁለት የ0.6 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ እንደ ሳንድዊች ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ መረጃው መሀል ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ፊቱ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት መረጃውን አትነካም፣ ብርሃኑን ነው የምትጋርደው። ከእምብርቱ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብላ የወረደች ጭረት ብዙ አትጎዳም፤ ማጫወቻው ስህተቱን አርሞ ያልፋታል። ዙሪያውን ተከትላ የሄደች ጭረት ናት ፊልሙን የምታቆመው። ዲስክ ሲጠረግ ከመሀል ወደ ውጭ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ከዲቪዲ በኋላ የመጣው ብሉ-ሬይ ላይ መረጃው ከፊቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፤ በምትኩ ጠንከር ያለ ሽፋን ተቀብቶበታል።

እንግዲህ ማሸጊያ ሲመዘን ሁለት ነገር ነው የሚታየው። ፊቱ ምን ይነካዋል? እምብርቱን ምን ይዞታል?

በዚህ ሚዛን የተናቀው የወረቀት ፖስታ እንደሚወራበት መጥፎ አይደለም። እምብርቱን የሚያስጨንቀው ነገር የለም። ፖስታውን ጫን ሲያደርጉት አፉ ይከፈትና ዲስኩ በራሱ ተንሸራቶ ይወጣል። ጠላቱ አቧራ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ወረቀቱ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። በባለ ሁለት ፊት ዲስክ ላይ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ቢሆንም በጥንቃቄ ለሚይዝ ሰው ዓመታት ያገለግላል።

የእኔን ቅሬታ ልናገር ካላችሁ፣ የከፋው ርካሹ አይደለም። ርካሽ ሆኖ ውድ ለመምሰል የሚሞክረው ነው። ወፍራም ካርቶን በመጽሐፍ መልክ ይሠራል። ገጾቹ ላይ ሥዕል አለ፣ በየገጹ ዲስክ የሚሰካበት ኪስ አለ። መደርደሪያ ላይ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። በ2012 የጄምስ ቦንድ 50ኛ ዓመት ሲከበር 22 ፊልሞች በብሉ-ሬይ እንዲህ ባለ መጽሐፍ ውስጥ ወጥተዋል፤ ገና በሲኒማ ላልወጣው 23ኛ ፊልም ባዶ ቦታ እስከመተው ተደርሷል። ይህ እንኳ ርካሽ አልነበረም። ርካሾቹ አሠራሩን ወርሰው ካርቶኑን አሳሱት፣ ኪሱን አጠበቡት። ዲስኩን ለማውጣት ጠርዙ አይበቃም፤ ፊቱን በሁለት ጣት ቆንጥጦ መጎተት ነው። የጣት አሻራ ይቀራል። ካርቶኑ ይፈገፍጋል። አንዳንዴም ገጹ የተለጠፈበት ሙጫ ዲስኩ ላይ ይገኛል። አሮጌዎቹን በየፕላስቲክ ቤታቸው የነበሩ ዲስኮች ሸጦ ትልቁን መጽሐፍ የገዛ ሰው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይደርስበታል።

እንዝርቱም አለ። የቴሌቪዥን ድራማ ስብስቦች ላይ የተለመደ ነው፤ አራት አምስት ዲስክ ተደራርቦ አንድ እንዝርት ላይ ይቀመጣል። ከታች ያለውን ለማየት የላዮቹን ሁሉ ማንሳት ግድ ነው። አንድ ጊዜ የስምንት ዲስክ ስብስብ በፖስታ ቤት መጣልኝ። ኩባንያውን አልጠራም። ገና ሳልከፍተው ስነቀንቀው እንደ ጽናጽል ይንሿሿል። እንዝርቱ መንገድ ላይ ተሰብሮ ዲስኮቹ እርስ በእርስ ሲፋተጉ ነበር የመጡት። አራተኛው ዲስክ ላይ ያለችው ጭረት ክብ ናት፣ በኮምፓስ የተሰመረች ትመስላለች። ገዳዩ ገና ሳይታወቅ ምስሉ ቀጥ ይላል። እስከ ዛሬ ማን እንደገደለው አላወቅሁም።

ስለ ቀዳዳው ቤት ብዙ አልልም። ፕላስቲክ ለመቆጠብ ተብሎ መሀሉ ላይ እንደ መስኮት ተቆርጦ የወጣለት ቤት ነው። ለአካባቢ ጥበቃ ነው ተባለ። ዲስኩ ከኋላ በስስ ወረቀትና ላስቲክ ብቻ ተሸፍኖ ይቀራል። ይህን የሚወድ ሰብሳቢ አላጋጠመኝም።

በርካሽ ጥሩ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚነሳው ኤክሊፕስ ነው። ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ ፊልም አሳታሚ በ2007 የጀመረው ንዑስ መስመር ነው። ተጨማሪ ቃለ ምልልስ የለም፣ ማብራሪያ የለም፣ ምስሉም ብዙ ወጪ ወጥቶበት አልታደሰም። የመጀመሪያው ስብስብ አምስት የስዊድናዊው ዳይሬክተር የኢንግማር በርግማን የጅማሮ ፊልሞችን ይዟል። ማሸጊያው ግን ልከኛ ነው፦ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቤቶች አንድ የካርቶን ሽፋን ውስጥ ገብተዋል። ቁጠባው ከሌላ ቦታ ነው የመጣው፤ እምብርቱን የሚይዘው ነገር አልተነካም። «ይኸው ይቻላል» ይላሉ ወቃሾቹ። ተከላካዮቹ ደግሞ የኤክሊፕስን ዋጋ ያሳያሉ። 40 ሳንቲም አይደለም፣ እውነታቸውን ነው።

ሌላው ጎራ ጭራሽ ስለ ጭረት አይደለም የሚያወራው። ስለ መልክ ነው። ከፕላስቲኩ ቤት ላይ የሚጎተተው የካርቶን እጅጌ ካልተሟላ ስብስቡ ጎደለ የሚሉ አሉ። ጥጉ ከታጠፈ ይመልሱታል። ሚል ክሪክም ይህን አውቆ አሮጌ ብሉ-ሬዮቹን የድሮ የቪዲዮ ካሴት በሚመስል እጅጌ አልብሶ መሸጥ ጀመረ። ያው ዲስክ ነው። እጅጌውን ብለው የገዙት ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ማሸጊያ ሁሉን አያድንም። ዋርነር ብራዘርስ ከ2006 እስከ 2008 ከታተሙ ዲቪዲዎቹ አንዳንዶቹ ያለጊዜያቸው መበላሸታቸውን በ2025 አምኖ ምትክ ለመስጠት ተስማምቷል። ችግሩ ከማተሚያው ነበር። ደህና ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ አንድ ጭረት ሳይኖርባቸው ነው የሞቱት።

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ትንሽ ያስቃል። ከሲዲ አዟሪ የተገዛ ዲስክ የሚመጣው በላስቲክ ፖስታ ነበር፤ ሽፋኑ የደበዘዘ የኮምፒውተር ህትመት። ከማከራያ ቤት የመጣው ደግሞ ስንት ቤት ዞሮ እንደመጣ ፊቱ ይናገራል። መላው ኮልጌት ነበር። ጣት ላይ ትንሽ አድርጎ ከእምብርት ወደ ጠርዝ ማሸት፣ ማጠብ፣ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ። የጥርስ ሳሙና ፕላስቲኩን በስሱ ስለሚፍቀው ቀላል ጭረት ላይ አንዳንዴ ይሠራል። ማንም የኦፕቲክስ ትምህርት አልሰጠንም፣ ግን በክብ ማሸት እንደሌለብን እናውቅ ነበር።

አሁን ብዙ ሰብሳቢዎች የሚያደርጉት ቀላል ነው። ስብስቡን ይገዛሉ፣ ዲስኮቹን ያወጡና ባዶ የፕላስቲክ ቤት ለየብቻ ገዝተው ያስገባሉ። ሽፋኑን ራሳቸው ያትሙታል። ቦታ የሌለው ሰው ለስላሳ ኪስ ያለው አልበም ይጠቀማል። የማሸጊያው ወጪ ከኩባንያው ወደ ገዢው ዞረ ማለት ነው፤ ሲደመር ስብስቡ ያን ያህል ርካሽ ላይሆን ይችላል። ዋናው ካርቶን ግን አይጣልም። አንድ ቀን ይሸጣል ከተባለ ያለ ካርቶኑ ደህና ዋጋ የሚሰጥ የለም። የእኔም እንደዚያው ባዶውን መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ባለፈው አንድ እንግዳ አውርዶ ከፈተውና «የታሉ ፊልሞቹ?» አለኝ።