ቮርቴክስ ሪንግ ስቴት ምንድን ነው? ሄሊኮፕተር በራሱ ነፋስ ሲሰምጥ

ሞተሩ ደህና ነው። ሮተሩ በትክክለኛው ፍጥነት ይሽከረከራል። ነዳጅ አለ፣ የማስጠንቀቂያ መብራትም አልበራም። ሄሊኮፕተሩ ግን እየወረደ ነው። አብራሪው ኮሌክቲቩን፣ ማለትም በግራ እጁ የያዘውን የከፍታ ማንሻ፣ ወደ ላይ ይስባል። ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። አፍንጫው ወዲያ ወዲህ ይላል። መውረዱም ጭራሽ ይብሳል።

ይህ ሁኔታ ቮርቴክስ ሪንግ ስቴት ይባላል። በአማርኛ "የአዙሪት ቀለበት" ልንለው እንችላለን። የተበላሸ ዕቃ የለም። ሄሊኮፕተሩ ራሱ ወደ ታች በገፋው ነፋስ ውስጥ እየሰመጠ ነው።

ሄሊኮፕተር አየር ላይ የሚቆመው አየርን ያለማቋረጥ ወደ ታች እየገፋ ነው። ሮቢንሰን አር22ን እንውሰድ። ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ ሄሊኮፕተር ናት። ሙሉ ክብደቷን፣ 620 ኪሎ ገደማ ይዛ አንድ ቦታ ስትቆም በሮተሯ በኩል የሚያልፈው አየር በሰከንድ 7 ሜትር አካባቢ ወደ ታች ይሄዳል። ከሮተሩ በላይ ያለው ግፊት ዝቅ ያለ ነው፣ ከታች ያለው ደግሞ ከፍ ያለ። ስለዚህ በሮተሩ ክንፎች ጫፍ በኩል ጥቂት አየር ከታች ሾልኮ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ይሄ ትንሽ አዙሪት ሁሌም አለ። ሄሊኮፕተሩ ወደ ፊት ሲበር ከኋላው ጥሎት ይሄዳል።

ችግሩ የሚመጣው ወደ ፊት ሳይሄድ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ነው። የገፋው አየር ርቆ ሳይሄድ ራሱ ይደርስበታል። ያ አየር መሄጃ ሲያጣ በሮተሩ ጠርዝ ዞሮ ከላይ ይመለሳል፣ ሮተሩም እንደገና ወደ ታች ይገፋዋል። ጠርዙ ላይ የነበረው ትንሽ አዙሪት ያብጣል። የመኪና ጎማ ካላማዳሪ አስቡ። ሮተሩ መሃሉ ላይ ተቀምጧል፣ አየሩ ደግሞ በዙሪያው እንደ ካላማዳሪ ተጠቅልሎ ይዞራል። የክንፎቹ ሥር ወደ መሃል ስለሚጠጋ ቀስ ብሎ ነው የሚሽከረከረው፣ አየርን በኃይል አይገፋም። እዚያ ጋ አየሩ ከታች ወደ ላይ ማለፍ ይጀምርና ሁለተኛ አዙሪት ይፈጥራል። ከሁለቱ አዙሪቶች መሃል የቀረው የክንፍ ክፍል ብቻውን ያን ሁሉ ክብደት መሸከም አይችልም።

ኮሌክቲቩን መሳብ ለምን እንደሚያባብሰው አሁን ግልጽ ነው። መሳብ ማለት የክንፎቹን አንግል ጨምሮ ብዙ አየር መግፋት ማለት ነው። ብዙ አየር ሲገፋ ቀለበቱ ይጠነክራል። እሳት ላይ ቤንዚን እንደመጨመር ነው። ሁኔታው ሙሉ በሙሉ ከተፈጠረ በኋላ መውረዱ በደቂቃ እስከ 6,000 ጫማ ሊጠጋ ይችላል። በሰከንድ 30 ሜትር ነው፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ የአስር ፎቅ ሕንፃ ያህል።

ለዚህ ሦስት ነገር አንድ ላይ መገጣጠም አለበት። ሄሊኮፕተሩ ቀጥ ብሎ ወይም ቀጥ ወደ ማለት ተጠግቶ፣ በደቂቃ ከ300 ጫማ በላይ ይወርዳል። ወደ ፊት ያለው ፍጥነት በጣም ትንሽ ነው። ሮተሩም የሞተር ኃይል እየተጠቀመ ነው። 300 ጫማ ለጥንቃቄ የተቀመጠ ቁጥር ነው፤ ትክክለኛው ወሰን እንደ ክብደቱ፣ እንደ ሮተሩ ስፋትና እንደ አየሩ ሁኔታ ይለያያል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሞተሩ የጠፋበት ሄሊኮፕተር በአውቶሮቴሽን፣ ማለትም ሮተሩን አየሩ ራሱ እያዞረው ሲወርድ፣ አየሩ ከታች ወደ ላይ በሮተሩ ውስጥ ያልፋል እንጂ ወደ ታች አይገፋም። ስለዚህ ቀለበቱ አይፈጠርም።

እነዚህ ነገሮች የሚገጣጠሙበት ቦታ አይጠፋም። በዛፍ የተከበበ ጠባብ ሜዳ ላይ ማረፍ፣ ፎቶ ለማንሳት ከፍ ብሎ መቆም፣ በገመድ የተንጠለጠለ ዕቃ ማውረድ። ከሁሉም አታላዩ ግን ነፋስን ከኋላ አድርጎ ለማረፍ መምጣት ነው፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ከኋላ 15 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ አለ እንበል። አብራሪው ወደ ማረፊያው ሲቀርብ መሬቱ ከሥሩ በ15 ኖት ሲያልፍ ያያል። ለዓይን ጥሩ ፍጥነት ነው፣ እንዲያውም የፈጠነ ይመስለዋል። ከአየሩ አንጻር ግን ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ወደ ታች የገፋው አየር ከነፋሱ ጋር አብሮት ይጓዛል፣ ትቶት ሊሄድ አይችልም። የፍጥነት መለኪያውም አያድነውም፣ በዚህ ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ የሚያሳየው ነገር አይታመንም። መሬቱ ሲቀርብ የፈጠነ መስሎት የበለጠ ያቀዘቅዛል። ያኔ በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

ሚያዝያ 2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ማራና ላይ የሆነው ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። ቪ-22 ኦስፕሬይ የተባለ፣ ሁለት ሮተሮቹን ወደ ላይ ወይም ወደ ፊት እያዘነበለ እንደ ሄሊኮፕተርም እንደ አውሮፕላንም የሚበር የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ማሽን በሌሊት ልምምድ ላይ ነበር። ከ40 ኖት በታች ሲበር የመውረጃ ገደቡ በደቂቃ 800 ጫማ ነው። እሱ ግን በደቂቃ ከ2,000 ጫማ በላይ እየወረደ ነበር። አንደኛው ሮተር ቀድሞ ቀለበቱ ውስጥ ገባ፣ ማሽኑ ተገለበጠ። ተሳፍረው የነበሩት 19 ወታደሮች በሙሉ ሞቱ።

አንድ ግራ የሚያጋባ ስም አለ፤ "ሴትሊንግ ዊዝ ፓወር"፣ ማለትም "ኃይል እያለ መውረድ" ይሉታል። አንዳንዱ ይህን ስም ለቮርቴክስ ሪንግ ስቴት ይጠቀምበታል። ሌላው ደግሞ ሞተሩ ክብደቱን ለመሸከም ኃይል ሲያንሰው የሚሆነውን መውረድ ለማለት። እኔ ሁለቱን መለየት የግድ ነው ባይ ነኝ። በአንዱ ኃይል ጎድሏል፣ በሌላው ኃይል ሞልቶ አየሩ ነው የከዳው።

ከገባን በኋላስ? የቆየው መንገድ በቀኝ እጅ የሚያዘውን ሳይክሊክ፣ ማለትም ሄሊኮፕተሩን ወደ ፈለጉበት አቅጣጫ የሚያዘነብለውን ማንሻ፣ ወደ ፊት ገፍቶ ፍጥነት መያዝ፣ ኮሌክቲቩንም ዝቅ ማድረግ ነው። ይሠራል፣ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ጫማ ከፍታ ሊበላ ይችላል። የስዊዘርላንዱ አብራሪ ክሎድ ቩይሻር ያስተዋወቀው ዘዴ ወደ ጎን ይወጣል። ሮተሩ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ ለሚዞር ሄሊኮፕተር፣ ኮሌክቲቩን ከመሬት ለመነሳት የሚያስፈልገው ኃይል ድረስ ማንሳት፣ በግራ ፔዳል አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ሳይክሊኩን ወደ ቀኝ ማዘንበል፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ። እዚህ ኮሌክቲቩን ማንሳት የማያባብሰው ሄሊኮፕተሩ አብሮ ወደ ጎን ከቀለበቱ ስለሚወጣ ነው። የጭራው ሮተር ግፊትም ወደ ቀኝ ስለሆነ ያግዛል። ሮተሩ ከቀለበቱ ውጭ ወደ ላይ የሚነፍሰውን አየር ሲያገኝ መውረዱ ይቆማል። ቀድሞ ከተያዘ የሚጠፋው ከፍታ ከ20 እስከ 50 ጫማ ነው። እንደ ፈረንሳይና ሩሲያ ሄሊኮፕተሮች ሮተሩ በሌላ አቅጣጫ ከዞረ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። የየማሽኑ መመሪያ ምን እንደሚል አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ይህን ነገር በትንሹ ማየት የሚፈልግ ድሮን ይመልከት። ነፋስ በሌለበት ቀን ቀጥ አድርጋችሁ በፍጥነት ስታወርዱት ይንገዳገዳል። እያወረዳችሁ ትንሽ ወደ ጎን ስትገፉት ይረጋጋል። ብዙ ድሮኖች ከሚወጡበት ፍጥነት ባነሰ ፍጥነት እንዲወርዱ የሚደረጉበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው።

ግን ከመውጣት አለመግባት ይቀላል። ከማረፍ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሆነ ከጭስ፣ ከዛፍ ቅጠል፣ ከውሃ ላይ ሞገድ ማየት። በተቻለ መጠን ፊትን ወደ ነፋስ አዙሮ መምጣት። ፍጥነቱ ከ30 ኖት በታች ከወረደ መውረጃውን በደቂቃ ከ300 ጫማ በታች መያዝ። ከፍ ብለው ከደረሱ አቅንቶ መውረድን ትቶ ዞሮ እንደገና መምጣት። በማራና ማሽኑ ከታቀደው ከፍታ በላይ ሆኖ ነው የደረሰው።

ስልጠናው የሚሰጠው ከፍ ብሎ ነው፤ ከቀለበቱ ወጥተው ሲጨርሱም ከመሬት ቢያንስ 1,000 ጫማ ላይ መሆን አለባቸው። ተማሪው ፍጥነቱን ያጠፋል፣ ኮሌክቲቩን ቀስ ብሎ ዝቅ ያደርጋል፣ ይጠብቃል። መጀመሪያ መቀመጫው ሥር መንቀጥቀጥ ይሰማዋል። ቀጥሎ እግሮቹ ፔዳሉ ላይ ሥራ ይበዛባቸዋል። ከዚያ የመውረጃ መለኪያው ቀስት ቁልቁል ይሸሻል። ወጥተው ወደ ከፍታቸው ይመለሳሉ፣ እንደገናም ይሞክራሉ፤ ተማሪው ቀስቱን ሳይጠብቅ በመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ላይ እስኪወጣ ድረስ።