«ስኮላርሺፕ ለእኛ አይደለም» እና ሌሎች ልጆቻችንን ያስቀሩ ወሬዎች

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የሚያጠኑ ጥቁሮች፣ ሂስፓኒኮችና የአገሬው ቀደምት ሕዝቦች ቁጥር ዛሬም አነስተኛ ነው። ይህን ለመቀየር ከ1970ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ብዙ የስኮላርሺፕና የምርምር ፕሮግራሞች ተቋቁመዋል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ የሚያድጉ የእኛ ልጆችም ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ። ብዙዎቹ ግን ሳይሞክሩ ይቀራሉ። ሁሌ ውጤት አንሷቸው አይደለም። ከቤት፣ ከጓደኛ፣ ከቅዳሴ በኋላ ከሚወራው የሰሙት ነገር ነው የሚያስቀራቸው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጥቁር ተማሪ ካልኩለስ የሚወድቀው መሠረት ስለሌለው ነው»

ይህን አባባል መሬት አውርዶ የፈተነው ዩሪ ትራይስማን ነው። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። መምህራኑን «ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን ይወድቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። መልሱ ተመሳሳይ ነበር። ፍላጎት የላቸውም፣ ሃይስኩል በደንብ አልተማሩም፣ ቤተሰብ አይደግፋቸውም፣ ድሆች ናቸው።

ትራይስማን በዚህ አልረካም። 20 ጥቁር እና 20 የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎችን መርጦ ለ18 ወራት ያህል ተከታተላቸው። የሚያጠኑበት ቦታ ድረስ እየሄደ አያቸው። ከመምህራኑ ግምት አንዱም አልቆመም። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ፍላጎት ነበራቸው። ቤተሰቦቻቸውም ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ ደፋ ቀና ያሉ ሰዎች ነበሩ። እንዲያውም ከፍተኛ የመግቢያ ውጤት ይዘው ገብተው የሚወድቁ ነበሩ።

ልዩነቱ ያለው ከክፍል ውጭ ነበር። ጥቁሮቹ የሚያጠኑት ለየብቻ ነው። «ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ሰዓት አጥኑ» የሚለውን ምክር በታማኝነት ይከተላሉ፤ በሳምንት 8 ሰዓት ገደማ ይሆናል። አንድ ጥያቄ አልፈታ ካላቸው ችግሩ የራሳቸው ብቻ ይመስላቸዋል። የቻይና ዝርያ ያላቸው ደግሞ ለብቻቸው ካጠኑ በኋላ ይሰበሰባሉ። መልስ ያመሳክራሉ፣ ይተራረማሉ፣ የቆዩ ፈተናዎችን አብረው ይሠራሉ። በጠቅላላው በሳምንት 14 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ጥያቄው ሁሉንም ካቃታቸው፣ ጥያቄው ራሱ ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ።

ትራይስማን ከዚህ ተነስቶ የሠራው ነገር ደካሞችን የሚደግፍ ቱቶሪያል አልነበረም። ተማሪዎቹን በቡድን አስቀምጦ ከመደበኛው የከበደ ጥያቄ ሰጣቸው። ተከራከሩበት። ውጤታቸው በጣም ተሻሻለ። አሠራሩም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ።

ይህን ታሪክ አጥብቄ የማነሳው የእኛ ቤት ውስጥ ስላየሁት ነው። ልጆቻችንን «ጓደኛ ያበላሻል፣ ክፍልህን ዘግተህ አጥና» እያልን ነው ያሳደግናቸው። ሃይስኩል ላይ ይሠራል። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ወይም ፊዚክስ ሲመጣ፣ በዚያው ዘዴ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚሰምጥ ጎበዝ ልጅ አለ። ለማንም አይናገርም።

«ዋናው ብሩ ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው»

ከባልቲሞር ዳር ባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ፣ በዩኤምቢሲ፣ የማየርሆፍ ስኮላርሺፕ አለ። በ1988 ሮበርትና ጄን ማየርሆፍ ገንዘቡን ሰጡ። ሥራውን የመራው የሒሳብ ሊቁ ፍሪማን ሀራቦውስኪ ነው። በ12 ዓመቱ በበርሚንግሃም የሕፃናት ሰልፍ ላይ ወጥቶ የታሰረ ሰው ነው፤ በኋላ ዩኒቨርሲቲውን ለ30 ዓመት በፕሬዚዳንትነት መራ። የመጀመሪያዎቹ 19 ተማሪዎች ጥቁር ወንዶች ነበሩ። ቀጥሎ ሴቶች ገቡ፣ ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ለማንኛውም ዘር ተከፈተ።

የማየርሆፍ ተማሪ ክፍያው ብቻ ተሸፍኖለት አይተውም። መደበኛው ትምህርት ሳይጀመር ክረምት ላይ ስድስት ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር አብሮ እየኖረ ይማራል። የቡድን ጥናት ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ገና በጊዜ ላብ (ቤተ ሙከራ) ይገባል። ውጤቱ ቢ ካልሆነ ስኮላርሺፑ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ሲ ያመጣ ተማሪ ኮርሱን እንዲደግም ይመከራል።

ይህ ሁሉ ለውጥ ያመጣል ወይ? ፕሮግራሙ ራሱን ያነጻጸረው፣ ተመርጠው ሳለ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሄዱ ተማሪዎች ጋር ነው። እነዚያም በውጤት የማያንሱ ጎበዞች ናቸው። ወደ ሳይንስ ዶክትሬት የመግባት ዕድሉ በማየርሆፍ ተማሪዎች ዘንድ አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በሞደርና የኮቪድ ክትባት ሥራ ላይ ትልቅ ድርሻ የነበራት ኪዝሚኪያ ኮርቤት በ2008 ከዚያ የተመረቀች ናት። ስለዚህ ልጃችሁ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ሲያወዳድር ስንት ብር ሰጡት ብቻ አትበሉ። ከማን ጋር ያጠናል? ማን ላብ ውስጥ ያስገባዋል? ብላችሁ ጠይቁ።

«ይሄ ለአሜሪካ ጥቁሮች ነው እንጂ ለሃበሻ አይደለም»

ስህተት ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ትርጉም ዘሩ ከአፍሪካ ጥቁር ሕዝቦች የሆነን ሁሉ ያጠቃልላል። የማመልከቻው ፎርም ላይ ዘርን «ሌላ» ብሎ መሙላት ልጁን ከዝርዝሩ ማስወጣት ነው።

በዚያ ላይ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ዘርን ብቻ አያዩም። በ1986 በቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር አደጋ በሞተው ጥቁር የፊዚክስ ሊቅና ጠፈርተኛ በሮናልድ ማክኔር ስም የተሰየመው፣ ተማሪዎችን ለዶክትሬት የሚያዘጋጀው ፕሮግራም፣ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ተማሪዎቹን የሚወስደው ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነና ወላጆቻቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ከሌላቸው ቤተሰቦች ነው። ወላጆቹ ሆቴልና ፓርኪንግ እየሠሩ ያሳደጉት ልጅ እዚህ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንዳይቆጥሩ የከለከለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ2023 ውሳኔ የሚመለከተው መግቢያን ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ስኮላርሺፖች መስፈርታቸውን ቀይረዋል። በ2025 ደግሞ የፌዴራል መንግሥት በርካታ የዚህ ዓይነት ድጎማዎችን አቋርጧል። ያሳዝነኛል፤ ጥሩ ሥራ እየሠሩ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ የዛሬ ሦስት ዓመት ጎረቤት የነገረችንን ይዘን አንሂድ። የፕሮግራሙን የዘንድሮ መስፈርት እናንብብ፣ ቢሮው ድረስ እንደውል።

«ዜግነት ከሌለህ አትድከም»

ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ለፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ፋፍሳ መሙላት ይችላል። ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለትም እንዲሁ። በዲቪ የመጣ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ዓመት ያሳለፈበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ጥገኝነቱ ገና ያልተወሰነለት እና ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ብቻ ያለው ግን ለፌዴራል ድጋፍ አይበቃም፤ የግዛቱንና የዩኒቨርሲቲውን ይጠይቅ።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ በፌዴራል ገንዘብ ከሚካሄዱት ከአብዛኞቹ የክረምት ምርምሮች ውጭ ነው። ሆኖም በትምህርት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ ፕሮፌሰሩ ከሌላ ምንጭ ገንዘብ ካለው ላብ ውስጥ ሊቀጥረው ይችላል።

«ክረምቱን ሠርቶ ትንሽ ቢያግዘን ይሻላል»

ይህ የሚመጣው ከክፋት አይደለም፤ የቤት ኪራይ አለ። ግን ምርምርም ደሞዝ እንዳለው ብዙ ወላጅ አያውቅም። ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የሚደግፈው የክረምት ምርምር፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ አርኢዩ የሚባለው፣ ለ10 ሳምንት ገደማ ስታይፔንድ (የኑሮ ክፍያ) ይከፍላል። ብዙዎቹ መኖሪያም ይሰጣሉ። (ስታይፔንዱ ግብር አለበት፤ ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ ከሚሰጥ ስኮላርሺፕ ይለያል። ትንሽ ለብቻው ያስቀምጥ።)

ልጁ ከዚያ የሚያመጣው ትልቁ ነገር ደግሞ በቅርብ የሚያውቀውና ደብዳቤ የሚጽፍለት ሳይንቲስት ነው። የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ዶክትሬት በአሜሪካ በአብዛኛው በነጻ ነው፤ ትምህርቱ ተከፍሎለት የኑሮ ገንዘብም ይሰጠዋል። ወደዚያ የሚያስገባው ያ ደብዳቤ ነው።

«ምርምር ሁሉን ያወቀ ሰው ሥራ ነው»

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ላብ ሲገባ ማንም ግኝት አይጠብቅበትም። ዕቃ ያጥባል፣ የፒፔት (የፈሳሽ መለኪያ) አያያዝ ይማራል፣ ቁጥር ይመዘግባል። ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር ለምን እንደሆነ ከሌሎቹ ጋር ያስባል። አብዛኛው ቀን እንደዚያ ነው።

መግቢያውም ብዙ ጊዜ አንድ አጭር ኢሜይል ነው። «የሁለተኛ ዓመት የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ስለ ውኃ ማጣሪያ ያሳተሙትን አነበብኩ፤ ማጣሪያው ቶሎ የሚደፈንበት ምክንያት ላይ ጥያቄ አለኝ። በሳምንት 8 ሰዓት ነጻ ነኝ። መጥቼ ላናግርዎ እችላለሁ?» ይበቃል። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ነውር አይደለም። ከዚያ ሌላ ፕሮፌሰር ጋ መሄድ ነው። ፈረንጅ መምህር ፊት ደፍሮ መጠየቅ ለልጆቻችን እንደ ድፍረት ይሰማቸዋል፤ እዚያ ግን የሚጠይቅ ተማሪ ይፈለጋል።

«ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የገባማ አለቀለት»

አላለቀለትም። የሳይንስ ፋውንዴሽኑ ገንዘብ ለሚቸግራቸው ጎበዝ ተማሪዎች ያዘጋጀው ኤስ-ስቴም የተባለ ስኮላርሺፕ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችንም ይጨምራል። የሚደገፈው ቀጣሪዎች የውጭ ባለሙያ ለመቅጠር ለኤች-1ቢ ቪዛ ከሚከፍሉት ክፍያ ነው።

«ከውጭ ስኮላርሺፕ ካገኘህ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ይቀንሳል»

ይህኛው እውነት አለው፤ ብዙ ቦታ ይደረጋል። ሜሪላንድ ግን በ2017 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ጠቅላላ ድጋፉ ከተማሪው ፍላጎት እስካልበለጠ ድረስ፣ እንዲህ እንዳያደርጉ በሕግ ከልክላለች፤ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ግዛትም እሷ ናት። ከተቀነሰባችሁ የፋይናንሻል ኤድ ቢሮ ሄዳችሁ ሕጉን ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

«ክረምት ሲደርስ እናያለን»

ክረምት ሲደርስ አልቋል። የአብዛኞቹ የክረምት ምርምሮች ማመልከቻ የሚዘጋው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤም ይጠይቃሉ። መምህሩን ከገና እረፍት በፊት ጠይቁት። ትራንስክሪፕታችሁን፣ የምታመለክቱባቸውን ፕሮግራሞች ከነመዝጊያ ቀናቸው፣ በእሱ ክፍል የሠራችሁትንም አንድ ሥራ አያይዛችሁ ላኩለት። መዝጊያው አንድ ሳምንት ሲቀረው ደብዳቤውን እንዲልክ በትሕትና አስታውሱት።