ታክሲ ድራይቨር (ፊልም)

«ታክሲ ድራይቨር» እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ የበቃ፣ 114 ደቂቃ የሚፈጅ የአሜሪካ ሥነ ልቦናዊ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ፣ ጸሐፊው ፖል ሽሬደር ናቸው። ሮበርት ደ ኒሮ የሚጫወተው ትራቪስ ቢክል የ26 ዓመት የቀድሞ ወታደር ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ስላለው በኒው ዮርክ የሌሊት ታክሲ ሹፌር ሆኖ ይቀጠራል። በምርጫ ዘመቻ ቢሮ የምትሠራውን ቤትሲን ይወዳል፤ ስትርቀው ዕጩውን ሊገድል ይነሣል። ያ ሲከሽፍበት ሽጉጦቹን ይዞ፣ አይሪስ የተባለችው ልጅ ገላዋን ወደምትሸጥበት ቤት ያመራል።

ሽሬደር ድርሰቱን የጻፈው ትዳሩ ፈርሶ በመኪናው ውስጥ በሚያድርበት ጊዜ ነበር። ከሰው ጋር ሳይነጋገር ሳምንታት ማለፋቸውን ያስተዋለው ጨጓራው ቆስሎ ሆስፒታል በሄደ ጊዜ ነው። ታክሲውን የመረጠውም ለዚህ ነው፦ ሹፌሩ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ያድራል፣ የሚያጫውተው ግን የለም።

ቀረጻው የተካሄደው በ1975 የበጋ ሙቀት፣ በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ ነው። ደ ኒሮ አስቀድሞ የታክሲ ፈቃድ አውጥቶ በእውነት ሠርቷል። የጉዞ ትዕይንቶቹ ሲቀረጹ ስኮርሴዚና የካሜራ ባለሙያው ማይክል ቻፕማን ከኋላ ወንበር፣ ድምፅ ቀራጩ ደግሞ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገቡ ነበር። ከተማዋ በዝናብ በራሰ መስታወት፣ በስፖኪዮና በኒዮን መብራት ተቆራርጣ የምትታየው በዚህ አሠራር ነው። ተመልካቹም ከትራቪስ ጋር ታክሲው ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ደም የሌለበት ትዕይንት ነው። ትራቪስ ቤትሲን ወደ ወሲብ ፊልም ቤት ወስዶ ካስቀየማት በኋላ ከግድግዳ ስልክ ይደውልላታል። የእሷ ድምፅ አይሰማም። እሱ እየተለማመጠ ሳለ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ይንሸራተትና ባዶው ኮሪደር ላይ ይቆማል፤ ውርደቱን ማየት የከበደው ይመስላል። ትራቪስ መስታወት ፊት የሚቆምበትን ትዕይንት ሁሉም ያውቀዋል። ጽሑፉ ላይ የነበረው ትራቪስ ራሱን እያየ ይናገራል የሚል ብቻ ሲሆን፣ «እኔን ነው የምታናግረው?» የሚለውን ደ ኒሮ እዚያው የፈጠረው ነው። ብዙዎች እንደ ጀግና ፉከራ ይጠቅሱታል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ሌላ ሰው የለም።

ሙዚቃው የበርናርድ ኸርማን ነው። በሳክስፎን የሚፈስ የጃዝ ዜማ ከከባድ የናስ መለከቶችና ከበሮ ጋር እየተፈራረቀ ይሄዳል፤ አንዱ የትራቪስን ናፍቆት፣ ሌላው ቁጣውን ይሸከማል። ኸርማን የሙዚቃውን ቀረጻ ባጠናቀቀበት ሌሊት፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. አረፈ።

አይሪስ ባለችበት ቤት ከሚደረገው ተኩስ በኋላ ካሜራው ከጣሪያ ቁልቁል ሬሳዎቹን እያየ የሚሄድበት ሾት ሦስት ወር ያህል ዝግጅት ጠይቋል፤ ሊፈርስ የተወሰነበት ቤት ስለነበር ጣሪያውን መብሳት ተችሏል። የፊልም ደረጃ ሰጪው አካል ደሙ በዝቷል ብሎ ለአዋቂ ብቻ የሚል የኤክስ ምልክት ሊለጥፍበት ሲል ስኮርሴዚ ትዕይንቱን ከመቁረጥ ይልቅ ቀለሙን አደበዘዘው። ቀዩ ቡናማ ሆነ፤ ይህም ክፍሉን ይበልጥ የሚያቅለሸልሽ አድርጎታል። ቻፕማን በቀለሙ መቀነስ ቢቆጭም፣ የ2011ዱ እድሳትም እንደደበዘዘ ትቶታል።

ቤትሲ የፊልሙ ደካማ ጎን ናት፦ የምናያት በትራቪስ ዓይን ብቻ ስለሆነ እንደ ሰው አትሞላም። ሲቀረጽ የ12 ዓመት ልጅ የነበረችው ጆዲ ፎስተር ግን አይሪስን ሕይወት ሰጥታታለች፤ ለከባዶቹ ትዕይንቶች ታላቅ እህቷ ተተክታላት ነበር። ፊልሙ በ1976 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ፓልም ዶርን ወሰደ። ለአራት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገንን ያቆሰለው ጆን ሂንክሊ በፊልሙና በፎስተር የተጠመደ ሰው መሆኑ በፍርድ ቤት ተነሥቶ፣ ፊልሙ ራሱ ለዳኞች ታይቷል።