የሰብአዊ መብት «የቴክኒክ ድጋፍ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በሬዲዮ፣ ለአንድ አገር የሰብአዊ መብት የቴክኒክ ድጋፍ እንዲሰጥ መወሰኑን ጠቅሰው «እንግዲህ ክሱ ተዘጋ ማለት ነው» ሲሉ ሰማሁ። ይህን አባባል ከሙያ ባልደረቦቼ አንደበት ሳይቀር ደጋግሜ ስለ ሰማሁት ዝም ብሎ ማለፉ ከበደኝ።

የቴክኒክ ድጋፍ ሐሳብ የቆየ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 926፣ መንግሥታት ሲጠይቁ የባለሙያ ምክር፣ የትምህርት ዕድልና የውይይት መድረክ እንዲመቻችላቸው ፈቀደ፤ በ1987 ደግሞ ለዚሁ ሥራ በፈቃደኝነት የሚዋጣ ፈንድ ተቋቋመ። ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፣ ብዙም አይደለምና።

ድጋፉ በተግባር ምን እንደሚመስል ግን ላሳይ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ፖሊሶችን ሳሠለጥን፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሳጅን እጃቸውን አውጥተው «ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የእኛ መዝገብ ቀኑን እንጂ የተያዘበትን ሰዓት የሚጻፍበት ዓምድ የለውም። ታዲያ ከየት ልቁጠር?» አሉኝ። (አንቀጽ 19 ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀውን ጊዜ ከ48ቱ ሰዓት ውጭ እንደሚያደርገው አስታወስኳቸው፤ ጥያቄያቸው ግን እንዳለ ቀረ።) ለሁለት ቀን የተናገርሁት ሁሉ ተደምሮ የዚያን ጥያቄ ያህል አልጠቀመም። በመዝገቡ ላይ አንዲት ዓምድ ማስመር፣ የቴክኒክ ድጋፍ ይህ ነው። ዓምዷ ግን እስረኛውን ይዛ ችሎት አትሄድም።

የግብርና ልማት ሠራተኛውን እናስብ። ጤፉን በመስመር ዝራ፣ ማዳበሪያውን በዚህ መጠን ጨምር ብሎ ያሳያል፤ እርፉን የሚጨብጠው አርሶ አደሩ ነው። ምርት ቢጠፋ «የልማት ሠራተኛው በየሳምንቱ ይመጣልኝ ነበር» ማለት ጎተራ አይሞላም። ብልጥ የሆነው ደግሞ መንገድ ዳር ያለችውን ማሳ አሳምሮ ለጎብኚ ያሳይና ከጓሮ ያለውን አረም ይውጠዋል፤ በእኛም ሙያ ስንት ሥልጠና ተሰጠ፣ ስንት ሰው ተሳተፈ የሚለው ቁጥር ያች የመንገድ ዳር ማሳ የሆነችበትን ጊዜ አይቻለሁ። ምሳሌው የማይዘልቀው እዚህ ላይ ነው፦ ገበሬው ቢሰንፍ የሚራበው ራሱና ቤተሰቡ ሲሆን፣ መንግሥት ቢሰንፍ የሚጎዳው ማሳው ላይ ምንም ድምፅ ያልነበረው ሰው ነው።

ተንታኙ ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ትኩረት የሚሹ አገሮች በአጀንዳ 4፣ የቴክኒክ ድጋፍ በአጀንዳ 10 ስለሚታይ፣ መንግሥታት ከሁለቱ የኋለኛውን እንደሚመርጡ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የሶማሊያና የካምቦዲያ ጉዳይ በአጀንዳ 10 እየታየ፣ የተመደቡት ባለሙያዎች በየጊዜው ያዩትን ጥሰት በአደባባይ ሲያቀርቡ ቆይተዋል። የቴክኒክ ድጋፍ ከክስ ነጻ ማውጣት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ዘገባ ለምን ያስፈልግ ነበር?

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 2 ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ትብብርን በስሙ ጠርቶ መብቶቹ ደረጃ በደረጃ እንዲፈጸሙ ይፈቅዳል። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን እንዲህ ያለ ፋታ አይሰጥም፤ «አቅም እስክንገነባ» ብሎ ማሠቃየትን ማቆየት አይቻልም።

የራሳችንን ታሪክ ላንሣ። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላ በ1994 ማቅረብ የነበረባትን የመጀመሪያ ዘገባ ያቀረበችው በ2009 ነበር፤ ለዓመታት የተከማቹት ዘገባዎች ሲዘጋጁ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በባለሙያ አግዟል። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ዘገባውን ሲመረምር ግን እገዛው ጥያቄዎቹን አላለዘበላትም፤ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁንና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጁን ከሚያሳስቡት ጉዳዮች ዘንድ አስፍሮ ማሻሻያ ጠየቀ።