የዱር አጥቢዎችና የአንጀታቸው ባክቴሪያዎች

የሣርን ሴሉሎስ በራሱ አቅም ሰብሮ የሚፈጭ አጥቢ እንስሳ የለም፤ ሥራውን የሚሠሩለት በሆድ ዕቃው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህን ከዝርያ ዝርያ ለማነጻጸር አውሬውን መያዝ አያስፈልግም። ተመራማሪው ትኩስ ዓይነ ምድር ሰብስቦ፣ ባክቴሪያዎች ሁሉ የሚጋሩትን 16ኤስ የተባለ ዘረመል በማንበብ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ይለያል።

ለዘርፉ መሠረት የጣለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ሰውን ጨምሮ ከ60 ዝርያዎች የተወሰዱ 106 አጥቢዎችን አነጻጽሮ፣ የባክቴሪያው ዓይነት በሥጋ በሎች አነስተኛ፣ በዕፅ በሎች ከፍተኛ፣ ሁሉን በሎች ደግሞ መካከለኛ ሆኖ አገኘው። ዕፅ በሎቹም ለሁለት ተከፈሉ፦ እንደ ጎሽ በጨጓራቸው የሚያብላሉና እንደ ሜዳ አህያ በትልቁ አንጀታቸው የሚያብላሉ። አማርኛ ይህን ልዩነት ቀድሞ በስም ያወቀው ይመስላል፤ የላም እበት ሲባል፣ የፈረስ ግን ፋንድያ ነው።

ክርክሩ ያለው ባክቴሪያውን የሚወስነው ዘር ነው ወይስ መብል በሚለው ላይ ነው። ለዘር የሚመሰክረው ፓንዳ ነው። ቀርከሃ እየበላ ቢኖርም ባክቴሪያው የዘመዶቹን የድቦችን ይመስላል፤ ከሚበላው የሚፈጨውም አንድ አምስተኛ አይሞላም።

ለመብል ከሚመሰክሩት ግን ከጭላዳ የሚበልጥ አይገኝም። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ይህ ዝንጀሮ ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ አንጀቱ ግን በአሠራሩ ከሌሎቹ ዝንጀሮዎች አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የመንዝ ጓሳ ጥናት ባክቴሪያውን ከበግ ጨጓራ ጋር ሲያስተያይ፣ የሚያመሰኩ እንስሳት ሴሉሎስ የሚሰብሩባቸው ባክቴሪያዎች በጭላዳ ከሌሎች ዝንጀሮዎች ይልቅ እጅግ በዝተው ተገኙ። በሰሜን ተራሮች ደግሞ የጭላዳው የባክቴሪያ ማኅበረሰብ ከወቅት ጋር ይለዋወጣል፤ ክረምት ሣሩ ሲለመልም ሴሉሎስ ሰባሪዎቹ ይበረክታሉ፣ በበጋ መሬት ቆፍሮ ሥራ ሥር ሲለቅም ሌሎች ይተኳቸዋል።

የሌሊት ወፍ ለሁለቱም ወገን አትመችም። አጥቢ ሆና ሳለ ባክቴሪያዋ ወደ አእዋፍ ያደላል፤ ስም ያወጡላት አባቶች በዚህስ አልተሳሳቱም።

ናሙናው ከየት እንደተወሰደም ዋጋ አለው፤ የ2008ቱ ጥናት አብዛኛውን ያገኘው ከእንስሳት ማቆያዎች ነው። ኋላ የወጣ ንጽጽር እንዳሳየው በማቆያ ኑሮ የውሻ፣ የዝንጀሮና የፈረስ ወገኖች የባክቴሪያ ብዝኃነት ይቀንሳል፤ የቀጭኔ አይለወጥም፤ የአውራሪስ ጭራሽ ይጨምራል።