ሴቭ ምንድን ነው? ማዳን እንዳትሉኝ

ሰሞኑን አንዱ ስለ ቤዝቦል ሲያወራ «ሴቭ ያገኘ ወርዋሪ ቡድኑን ከሽንፈት ያወጣ ነው» አለ። ይሄን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ወንድሜ፣ ይሄ የበረኛ ሴቭ አይደለም! ቡድኑ እየተመራ የገባ ተቀያሪ ወርዋሪ፣ ተአምር ቢሠራም ሴቭ አይጻፍለትም። ሴቭ ማለት ቡድኑ እየመራ ገብቶ፣ መሪነቱን ሳያስነጥቅ ጨዋታውን ለጨረሰ ተቀያሪ ወርዋሪ (ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች) የስታቲስቲክስ ደብተር ላይ የሚጻፍ ምልክት ነው።

ሦስት የሌሊት ዘበኞች አሉ እንበል። ሌባው አጥር የዘለለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። በዱላ የመለሰው ሁለተኛው ዘበኛ ነው። ሦስተኛው 10 ሰዓት ላይ ተረከበ፣ ጋቢውን ደረበ፣ ነጋ። ደብተሩ ላይ ሴቭ የሚጻፈው ለሦስተኛው ነው። ለሁለተኛው «ሆልድ» የሚሉት አለ፤ ሜጀር ሊግ (የሰሜን አሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ) ግን በይፋ አይቆጥረውም።

አጥሩም ይለካል። ከሦስት ክንድ ከበለጠ፣ ማለትም ልዩነቱ ከ3 ነጥብ ካለፈ፣ ለአንድ ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ) ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሴቭ የለም። (መቺዎች ቤዝ ላይ ቆመው ከጠበቁት ሌላ ሂሳብ አለ፤ እሱን ልዝለለው።) የመጨረሻዎቹን ሦስት ኢኒንግ በደንብ ከወረወረ ግን አጥሩ ሰማይ ቢነካም ይጻፍለታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቴክሳስ ባልቲሞርን 30 ለ 3 ሲረመርም የቴክሳሱ ወርዋሪ ዌስ ሊትልተን ሴቭ አግኝቷል። የገባው 14 ለ 3 እየመሩ ነው። ከምን አዳናቸው?

ይሄን ስል ታላቁን ወርዋሪ ማሪያኖ ሪቬራን እያቃለልኩ አይደለም። ፓናማዊው 652 ሴቭ አለው፣ ክብረ ወሰን ነው። እኔ ግን ስለ እሱ ስጠየቅ ቀድሜ የማነሳው የፖስትሲዝኑን (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለውን የዋንጫ ምዕራፍ) 0.70 አማካይ ነው። በዘጠኝ ኢኒንግ የሚቆጠርበት አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም።

የሚያናድደኝ ደብተሩ አሠልጣኞችን ማዘዝ መጀመሩ ነው። በ2016 የባልቲሞሩ ዛክ ብሪተን 47 የሴቭ ዕድል አግኝቶ 47ቱንም ጨርሷል። የዋይልድ ካርዱ (የተሸነፈ የሚሰናበትበት የአንድ ቀን) ጨዋታ በቶሮንቶ ሜዳ 2 ለ 2 ሆኖ ወደ 11ኛው ኢኒንግ ገባ። በሰው ሜዳ እኩል ከሆኑ ሴቭ የለም፤ ስለዚህ ክሎዘሩ (ጨዋታ የሚጨርሰው ወርዋሪ፣ እዚህ ብሪተን) ቡድኑ እስኪመራ ይቀመጣል። የባልቲሞሩ ኡባልዶ ሂሜኔዝ ወረወረ፣ የቶሮንቶው ኤድዊን ኤንካርናሲዮን የሦስት ነጥብ ሆምረን (ኳሷን ከአጥር ውጪ የሚያወጣ ምት) መታ፣ አለቀ። ምርጡ ዘበኛ ቡልፔን (ተቀያሪ ወርዋሪዎች የሚጠብቁበት ቦታ) ውስጥ ተራውን እየጠበቀ ነበር።